ሶዳው ከእናትዎ ብርጭቆ ወጥቶ ወጥ ቤት ይግባ

ጥያቄ፦ «እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊቷ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች፤ ለጉልበቷ ሕመም ደግሞ ዳይክሎፌናክ። ጨጓራዋ ሲያቃጥላት ጎረቤታችን ሶዳ ጠጪ አለቻት፤ ይኸው አራት ወር ሆናት። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ክምር የሻይ ማንኪያ፣ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ክምር። በፍስክ በሞቀ ወተት፣ በጾም በውሃ በጥብጣ ትጠጣዋለች። ሲያገሳት ቀለል ይላታል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ያቃጥላታል። ሶዳውን ከመርካቶ በኪሎ፣ በፌስታል ነው የምንገዛው። ሎሚ ሲጨመርበት ኩላሊት ያጥባል የሚሉም አሉ። እህቴ ደግሞ የስምንት ወር ልጇን ሆዱን ሲቆርጠው ትንሽ ቆንጥራ ልትሰጠው ታስባለች። እኔም ለጥርሴ፣ ለብብቴ፣ ለላቫንዲኖ፣ ላረረ ድስት፣ ለሰላጣ፣ ለፍሪጅ እጠቀምበታለሁ። አንዳንዱ ጋ ይሠራል፣ አንዳንዱ ጋ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የእናቴ የብር መስቀልም ጠቁሯል፣ በሶዳ ይነጣል ይባላል። እውነት ነው? — ከአራት ኪሎ»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዛሬውኑ የሚደረገውን እናስቀድም፤ ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን። እናትዎ ሶዳውን ከዛሬ ማታ ጀምረው ይተዉት። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን እንዳያቋርጡ። ለሕፃኑ ቅንጣት እንዳይሰጠው። በፌስታል የተገዛውን ዱቄት ደግሞ ማንም ሰው አፉ አያግባው።

ከፌስታሉ እንጀምር፤ ከሁሉም አስቸኳዩ እሱ ነው። በገበያችን «ሶዳ» የሚባለው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የሚበላው ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ በዕድሜ የገፉ የከተማችን ሰዎች «ቢካርቦናት» የሚሉት፣ የሙያ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ ያው ሶዳ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ለኬክ የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛው ሶዳ አሽ ነው፤ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው ሶዲየም ካርቦኔት፣ ለፋብሪካና ለልብስ ማጠቢያ የሚውል፣ ቆዳ የሚቆጠቁጥ። አራተኛው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ የተዘጋ ቱቦ መክፈቻ ተብሎም ይሸጣል። የዋጠው ሰው አፉ፣ ጉሮሮውና የምግብ ቧንቧው በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ቢተርፍ እንኳ ቧንቧው ጠባሳ ሠርቶ ይጠብና ዕድሜ ልኩን ምግብ መዋጥ ሊቸግረው ይችላል። አራቱም ነጭ ናቸው። ከጆንያ ወደ ፌስታል ከተገለበጡ በኋላ በዓይን የሚለያቸው ሰው ጥቂት ነው።

ለጽዳት የገዙትን መለየት ከፈለጉ ሩብ ማንኪያ ዱቄት በደረቅ ማንኪያ አንሥተው፣ እጅዎን ሳያስነኩ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይጨምሩ። ቤኪንግ ሶዳ ድምፅ ሳያሰማ ይሟሟል፣ ውሃውንም ትንሽ ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም። ቤኪንግ ፓውደር ውሃ እንደነካው አረፋ ያወጣል። ብርጭቆው ከሞቀ በእጅዎ ያለው ኮስቲክ ወይም ሶዳ አሽ ነው። ይህ ሙከራ ግምት ብቻ ነው፤ ለመጠጥ ፈቃድ አይሰጥም። ለአፍ የሚሆነው ስሙና የአገልግሎት ጊዜው ተጽፎበት፣ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት ወይም ከፋርማሲ የተገዛው ብቻ ነው። ቤት ሲያስቀምጡም በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አያድርጉት፤ ልጆች ኮስቲክ የሚጠጡት አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ጠርሙስ ነው። ሆኖ ከተገኘ አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት። እንዲያስመልሰው አያድርጉ፣ ሎሚም ሆነ ሌላ «ማርከሻ» አይስጡት፤ ወዲያው ሆስፒታል ያድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አሁን ወደ እናትዎ። ሶዳ በጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ እንደሚያረክስ እውነት ነው፤ ቀለል የሚላቸውም ለዚህ ነው። ግሳቱ ራሱ ከዚያ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ነገር ግን ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ጨጓራ አሲዱን መልሶ ያመነጫል፣ ማቃጠሉም ይመለሳል። እስከዚያ ደግሞ ከሶዳው ጋር የገባው ሶዲየም (ጨው ውስጥም ያለው ንጥረ ነገር) በደማቸው ውስጥ ቀርቷል።

ሒሳቡን እንሥራው። በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ የተጠረገ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ 1,260 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም አለው። ክምር ማንኪያ የዚህን አንድ ተኩል ቢይዝ፣ በቀን ሁለቱ ወደ 3,800 ሚሊ ግራም ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይህም 5 ግራም ጨው ማለት ነው። እናትዎ እንግዲህ ሽሮው፣ በርበሬውና ወጡ ውስጥ ያለው ጨው ሳይቆጠር፣ ከሶዳው ብቻ ከተፈቀደው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀራቸውም። ለደም ግፊት ሲባል ጨው ቀንሰው የሚበሉ ከሆነ ልፋታቸውን ብርጭቆው ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ችግር ከግፊት መድኃኒቱ ጋር ያለው ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚያሸና መድኃኒት ነው፤ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፣ ደምንም በትንሹ ወደ አልካሊነት፣ ማለትም ወደ አሲድ ተቃራኒ ያዘነብለዋል። ሶዳውም የሚገፋው ወደዚያው ነው። የጡንቻ መዛል፣ የባት ቁርጠት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የልብ ምት መዘባረቅ ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። ሦስተኛው ወተቱ ነው። ካልሲየምና አልካሊ አብረው ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የደም ካልሲየም ከፍ ብሎ ኩላሊት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ የጨጓራ ቁስለትን በወተትና በሶዳ ማከም በአሜሪካ የተለመደ ነበር፤ ይህን ሕመም ሐኪሞች ያወቁት ከእነዚያ በሽተኞች ነው። እናትዎ የሚወስዱት የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ነገሩን ያብሰዋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «አራት ወር ሶዳ በወተት ጠጥቻለሁ» ብለው ይናገሩ፤ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው) በደም ይታይላቸው። ይህን ካልነገሩት ሐኪሙ ሊጠረጥር አይችልም። ሰው «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል የወጥ ቤቱን ሶዳ አይቆጥረውምና።

ማቃጠሉን ራሱን በተመለከተ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ዳይክሎፌናኩን ነው። ይህ ዓይነቱ የሕመም ማስታገሻ የጨጓራን የውስጥ ሽፋን ከአሲድ የሚጠብቀውን ነገር ያሳሳል። ቁስለት ያመጣል፣ ያደማል፣ በዚያ ላይ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲሆን ኩላሊትንም ይጫናል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ማስታገሻ ሊተካ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ከጨጓራ ቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ነው። ሶዳም፣ ተልባም፣ አብሽም አይገድሉትም። የሚጠፋው ሐኪም በሚያዝዘው አንቲባዮቲክና የአሲድ መቀነሻ፣ ሳያቋርጡ ሲወሰድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን። ምርመራው የሰገራ አንቲጅን ቢሆን ይሻላል፤ የደሙ የቀድሞውን ኢንፌክሽን ከአሁኑ አይለይም። ከሰገራ ምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከት ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተሰነቀረ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው። ደረት ተጭኖ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ሶዳ የሚበጠበጥለት አይደለም። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የግፊት ሕመምተኛ ላይ።

ታዲያ ሶዳ ለማቃጠል ለማንም አይጠጣም ማለት ነው? አይደለም። ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም የሌለበት፣ እርጉዝ ያልሆነች፣ ሌላ መድኃኒት የማይወስድ አዋቂ አልፎ አልፎ ሊጠጣው ይችላል። ልኩ በቢላ የተጠረገ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በግማሽ ብርጭቆ ማለትም በ120 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ማማሰል፣ ቀስ እያሉ መጎንጨት። ድጋሚ ቢያስፈልግ ከ2 ሰዓት በፊት አይሆንም። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሰው በቀን ከሦስት ግማሽ ማንኪያ አያልፍም። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስፈልገው ሰው የሚያስፈልገው ሶዳ ሳይሆን ምርመራ ነው። ሌላ ኪኒን የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራራቅ፤ ሶዳ የአይረንንና የአንዳንድ አንቲባዮቲኮችን መመጠጥ ይቀንሳል።

ጠግበው ሳለ መጠጣት ፈጽሞ አይገባም። የእናትዎ «ከእራት በኋላ» ያስፈራን ለዚህም ነው። ግማሽ ማንኪያው ሶዳ ሁሉ ከአሲድ ጋር ቢዋሐድ ከግማሽ ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ያው ጋዝ በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሲሶ ያህል የሰፋ ቦታ ይይዛል። በምግብና በመጠጥ የተወጠረ ጨጓራ ይህን ሳይችል ቀርቶ የተቀደደባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግበዋል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

አምቦ ውሃም በተፈጥሮው ባይካርቦኔትና ሶዲየም ስላለው «ሶዳውን ትቼ በአምቦ ልተካው» የሚለው ሐሳብ ለእናትዎ አይበጅም፤ ጋዙም ማቃጠሉን ሊያብሰው ይችላል።

ሎሚ ከሶዳ ጋር ሲደባለቅ አንዱ ሌላውን ያረክሳል። የቀረው ሶዲየም ሲትሬት፣ ውሃና ያመለጠ ጋዝ ነው፤ ሶዲየሙ አንድ ቅንጣት አልቀነሰም። ኩላሊት በእሱ «አይታጠብም»። ሐኪሞች ለአንዳንድ የኩላሊት ሕመምተኞች ባይካርቦኔት ያዝዛሉ፤ ግን ደማቸው አሲድ ማብዛቱ በላቦራቶሪ ከታየ በኋላ፣ በተለካ ኪኒን፣ በየጊዜው እየተመረመሩ ነው።

የሕፃኑን ነገር በአጭሩ። የሕፃን ኩላሊት የሶዲየምና የአልካሊ ትርፍን ቶሎ ማስወገድ አይችልም፤ በቁንጥር የሚለካም ልክ የለም። ዳይፐር ባቆሰለው ቆዳ ላይ መነስነስም እንዲሁ ክልክል ነው፤ በቆሰለ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ይበልጥ ያሳሰበን ግን ዕድሜው ነው። የሕፃናት የተለመደው የሆድ ቁርጠት አብዛኛውን ጊዜ ከአራትና ከአምስት ወር አያልፍም። በስምንት ወሩ ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ መታየት አለበት። በየመሃሉ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ የሚጮህ፣ መልሶ የሚዝል፣ አረንጓዴ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም የታየ ከሆነ አንጀቱ ተጣጥፎ ሊሆን ይችላልና እህትዎ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዱት።

በሕክምናው በኩል ሶዳን በሙሉ ልብ የምንመክርበት አንድ ቦታ አለ፤ አፍ መጉመጥመጥ። ለአፍ ቁስል፣ በተለይ የካንሰር መድኃኒት እየወሰዱ አፋቸው ለቆሰለ ሰዎች፣ አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ የተረፈው ማታ ይደፋል፣ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል። የሚያቃጥል ከሆነ ጨውን መቀነስ ነው። እናትዎም ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ አይዋጥምና።

ጥርስዎን በተመለከተ፣ ሶዳ ከጥርስ ልባስ ይልቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ የሻይና የቡና ቅላትን ሳይፍቅ ያነሣል። በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ በረጠበ ብሩሽ ጫፍ ትንሽ ነክረው ለአንድ ደቂቃ ያህል በቀስታ ይቦርሹ፤ ይትፉትና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ይጨርሱ። ሶዳ ብቻውን ፍሎራይድ ስለሌለው ከመበስበስ አይከላከልም። ሎሚ ግን በፍጹም አይጨምሩበት፤ ልባሱን የሚያሟሟው አሲዱ ነው። ያደጉት ዝዋይ፣ መተሐራ ወይም ወንጂ አካባቢ ከሆነና ጥርስዎ ቡናማ ከሆነ፣ ያ ቀለም የውሃው ፍሎራይድ ልባሱ ውስጥ የሠራው ነው። ሶዳ አይደርስበትም፣ ብዙ መቦረሽም ድድ ከማድማት በቀር ጥቅም የለውም። ለብብት ደግሞ አንመክረውም። ሽታውን ለሰዓታት ያጠፋል፣ ግን የቆዳ ተፈጥሮው ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው፤ ሶዳው በየቀኑ ሲያረክሰው ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ብብትዎ ከጠቆረ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላልና ለአንድ ወር ትተው ይዩት። ለጫማ ግን ግሩም ነው፤ በእያንዳንዱ ጫማ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነስንሶ ማሳደር፣ ጠዋት ማራገፍ።

«አንዳንዱ ጋ ለምን አይሠራም?» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ ሶዳ ደካማ አልካሊ ነው። አሲድ ሲያገኝ ያረክሰዋል፣ ቅባት ሲያገኝ በሙቅ ውሃ እየታገዘ ያላቅቀዋል፣ ቆሻሻ ሲያገኝ በቀስታ ይፍቃል። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ ምንም አይሠራም። ጀርም ደግሞ አይገድልም።

የፍሪጁን ሽታ በዚህ ይመዝኑት። የቆየ ቅቤና የተበላሸ ወተት የሚሸቱት በአሲድ ነው፤ ሶዳ ይይዘዋል። የነጭ ሽንኩርትና የቀይ ሽንኩርት ሽታ ግን ከድኝ ውሕዶች ስለሆነ ሶዳው አጠገቡ ቢውልም ብዙ አይለውጠውም። ጠባብ ጣሳ ውስጥ ከማስቀመጥ 100 ግራም ያህል በሰፊ ሰሐን ዘርግተው ያኑሩ፤ ሥራውን የሚሠራው ከአየር የሚገናኘው ገጽ ብቻ ነው። በሁለት ወሩ ይቀይሩት፣ የወጣውን ለላቫንዲኖ ያውሉት እንጂ ለምግብ አይመልሱት።

ላቫንዲኖው ላይ የሚሳሳቱት ሶዳውን ከአቼቶ ጋር አንድ ላይ በማፍሰስዎ ነው። አረፋው ያምራል፤ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በአራት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል አቼቶ ሙሉ በሙሉ ይረክሳል፣ ከዚያ ወደ ቱቦው የሚወርደው ጨዋማ ውሃ ነው። ሶዳውን ብቻውን ይጠቀሙ። አራት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አፉ ላይ ይጨምሩ፣ ጥቂት ሙቅ ውሃ ያርከፍክፉበት፣ 20 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ በሳሙና ይልቀቁበት። የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ የፈላ ውሃ መገጣጠሚያውን ያላላልና እጅ የሚያስደነግጥ ያህል የሞቀው ይበቃል። ይህ የቅባት መዝጋትን ያላላል። የቡና አተላ፣ ፀጉርና የእንጀራ ፍርፋሪ ግን በሶዳ አይሟሙም፤ ከሥር ባልዲ አድርጎ የታጠፈውን ቱቦ ፈትቶ ማጽዳት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ከዚያ በፊት በረኪና የተደፋበት ከሆነ አቼቶም ሎሚም አያስነኩት፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል።

ላረረ ድስት፣ ያረረው ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳና አንድ ሊትር ውሃ አድርገው በቀስታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያንተክትኩት። ሲበርድ በእንጨት ማንኪያ ይላጣል። ይህ ለብረት፣ ለማይዝግና ለኢናሜል ድስት ነው። አልሙኒየም ላይ አያድርጉ፤ ብዙዎቻችን ቤት ያለው እሱ ነውና ይጠንቀቁ፤ ሙቅ ሶዳ ገጹን ይበላና ያጠቁረዋል። ጀበናን በሳሙና ማጠብ ሸክላው ሽታውን ስለሚመጥ አይወደድም፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና በሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት አቆይቶ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ግን የድሮውን የቡና ቅባት ያወጣል። የእንጀራ ምጣድ ላይ ሶዳ አይድረስ። ምጣዱን ያሟሸው የጎመን ዘር ቅባት ነው፤ ሶዳው እሱኑ ይገፍፈውና እንጀራው መያዝ ይጀምራል። የሻይ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ጨው ደግሞ ሶዳ አይነካውም፤ እሱ የሚለቅቀው በአሲድ፣ በአቼቶ ወይም በሎሚ ነው።

ለሰላጣና ለቲማቲም፣ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የተጠረገ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፎ በእጅ እያሹ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። ከገጹ ላይ ያለውን የፀረ ተባይ መድኃኒት በከፊል ያነሣል፤ ወደ ውስጥ የሰረገውን አያወጣም። በከተማችን ወንዞች ዳር የሚበቅል ቅጠላ ቅጠል ላይ የምንፈራው ግን አሜባ፣ ጃርዲያና ታይፎይድ ነው። ሶዳ አንዳቸውንም አይገድልም። «በሶዳ አጥቤዋለሁ» ብለው ጥሬውን ለእናትዎና ለልጆች አያቅርቡ፤ ሙቀት ያየ ጎመንና ቆስጣ ይሻላቸዋል።

ያልጠየቁን ቢሆንም ሽምብራን ሳናነሣ ማለፍ አልሆነልንም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ማገዶና መብራት ይፈጃል። ለግማሽ ኪሎ ሽምብራ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በሚዘፈዘፍበት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይደር፤ ጠዋት ውሃው ይደፋ፣ ሽምብራው ይታጠብና በአዲስ ውሃ ይቀቀል። አብዛኛው ሶዲየም ከተደፋው ውሃ ጋር ስለሚሄድ ለእናትዎም አይከብድም። ከዚህ በላይ ካበዙት ንፍሮው ይፈራርሳል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚን ቢ 1ንም ያጠፋል።

የእናትዎ የብር መስቀል ይነጣል፤ ይህ እውነት ነው። የጠቆረው ብሩ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ነው። መጀመሪያ ክሩን ይፍቱ። በሸክላ ወይም በኢናሜል ጎድጓዳ ሰሐን ውስጥ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ወረቀት ያንጥፉ፣ መስቀሉን ወረቀቱን እንዲነካ አድርገው ያስቀምጡ፤ ካልነካው አይሠራም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰውበት ግማሽ ሊትር አሁን የፈላ ውሃ ያፍስሱ። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይሸታል፤ ድኙ ከብሩ እየለቀቀ ነውና አይደንግጡ፣ መስኮት ይክፈቱ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የድሮ መስቀሎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከማርትሬዛ ብር ቀልጠው ነው፤ ያ ብር ከመቶ 83 እጅ ገደማ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ እንደ አዲስ ባይነጣ አይዘኑ። ቅርጹ እንዲጎላ አንጥረኛው ሆን ብሎ ያጠቆረው መስመር ካለው ግን ይህን ዘዴ ይተዉት፤ እሱንም አብሮ ያነጣዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሶዳን በጥቂት ውሃ ለውሰው፣ በለስላሳ ጥጥ ከፍ ያለውን ገጽ ብቻ ያሹ። በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፣ በነጠላ ጨርቅ ያድርቁት፣ ከማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ያለው እርጥበት እስኪለቅ ግማሽ ቀን አሳርፈው ክሩን መልሰው ያስገቡለት።